«በ196 አገሮች የሚሸጥ» ስለተባለው የቻይና ባህላዊ መድኃኒት፦ ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ዱባይ የምትሠራ እህታቸው ለእናታቸው የጉልበት ሕመም የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ነው የተባለ እንክብል ልካለች። ሻጩ «በ196 አገሮች የሚሸጥ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የተቀበለው ነው» ብሏታል። እናታቸው ደግሞ ከልብ ሕመም የተነሣ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ጠያቂዋ እንዲህ ሲሉ ይቋጫሉ፦ «የማይሠራ ቢሆን ኖሮ ዓለምን እንዴት ሊያዳርስ ቻለ? እናታችን ትውሰደው ወይስ ይቅርባት?»

ሁለተኛውን ጥያቄ በአንድ ቃል ልመልስ፤ ይቅርባቸው። ቢያንስ ሐኪማቸው ወይም አንድ የመድኃኒት ባለሙያ ካርቶኑን አገላብጦ እስኪያየው ድረስ። ዝርዝሩን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል፤ ሻጩ ሙሉ በሙሉ አልዋሸምና። እውነቱን ቆርጦ፣ የሚጠቅመውን ብቻ ነው የሰጣት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቁጥሩ እንነሣ። 196 የሚለውን የቻይና ባለሥልጣናት ራሳቸው ይጠቅሱታል፤ መንግሥት በ2016 ባወጣው ነጭ መጽሐፍ (የፖሊሲ መግለጫ) ላይ 183 አገሮችና ግዛቶች ይል ነበር። የሚቆጠረው ግን የቻይና ባህላዊ ሕክምና በማናቸውም መልኩ የደረሰበት ቦታ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እጃችሁ የገባው እንክብል የትኛው አገር መርምሮ በመድኃኒትነት እንደመዘገበው ምንም አይነግራችሁም። ያው ነጭ መጽሐፍ ሻጮች የማያነሡት ሌላ ቁጥር ይዟል። በ2015 የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ኢንዱስትሪ ጠቅላላ ምርት 786.6 ቢሊዮን ዩዋን ነበር፤ ይህም ከአገሪቱ የመድኃኒት ምርት 28.55 በመቶ ነው። በዚያው ዓመት ወደ ውጭ የተላከው የ3.72 ቢሊዮን ዶላር ምርት ነው። የመጀመሪያውን በጊዜው ምንዛሪ ወደ ዶላር ብንለውጠው ከ120 ቢሊዮን ይበልጣል። እንግዲህ ከመቶው ሦስት ያህሉ ብቻ ነው ድንበር የተሻገረው። ከተሻገረውም ቢሆን ከግማሽ የሚበልጠው ያለቀለት መድኃኒት ሳይሆን፣ የሌላ አገር ፋብሪካዎች ለመዋቢያ፣ ለምግብና ለእንክብል የሚጠቀሙበት ከዕፅዋት የተነጠረ ዱቄት ነው። ዓለምን ያጥለቀለቀ የሚመስለን ኢንዱስትሪ በአመዛኙ ቻይናውያን ለቻይናውያን የሚሸጡት ነው።

ይህን ግዙፍ የአገር ውስጥ ገበያ የፈጠረው መንግሥት ነው፤ ያውም በአንድ ጀንበር አልሆነለትም። በ1929 የያኔው የናንጂንግ መንግሥት የጤና ጉባኤ ባህላዊ ሐኪሞችን ቀስ በቀስ ከሥራ የሚያስወጣ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። ሐኪሞቹና የመድኃኒት ነጋዴዎቹ ሻንጋይ ላይ ተሰብስበው ተቃወሙ፤ ዕቅዱም በወረቀት ቀረ። ኮሚኒስቶቹ በ1949 ሥልጣን ሲይዙ ደግሞ ከግማሽ ቢሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ የነበሯቸው ዘመናዊ ሐኪሞች በአሥር ሺዎች ብቻ የሚቆጠሩ ነበሩ። ባህላዊዎቹ በመቶ ሺዎች ነበሩ። ማኦ ዜዱንግ በእጃቸው ባለው ከመሥራት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። በ1956 በቤጂንግ፣ በሻንጋይ፣ በጓንግጁና በቼንግዱ የባህላዊ ሕክምና ኮሌጆች ተከፈቱ። ከአባት ወደ ልጅ በምስጢር ሲወርድ የኖረው፣ የአንዱ ሐኪም ቃል ከሌላው የሚጋጭበት እውቀት፣ ተበጥሮና ተስተካክሎ አንድ ወጥ መማሪያ መጽሐፍ ሆነ። ዛሬ የሺህ ዓመታት ጥበብ ተብሎ የሚሸጠው ነገር ዕፅዋቱ የጥንት ቢሆኑም አደረጃጀቱ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ማኦ ራሳቸው፣ የግል ሐኪማቸው ኋላ እንደተናገረው፣ ይህን መድኃኒት አይወስዱም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የሕግ ታሪክ ነው። የ1982ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 ዘመናዊውንና ባህላዊውን ሕክምና ጎን ለጎን አስቀመጠ። በ2017 ራሱን የቻለ የባህላዊ ሕክምና ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ከሁሉም በላይ ገንዘቡን ያንቀሳቀሰው ግን የመድኃኒት ዝርዝሩና የጤና መድኑ ነው። በ2018 በወጣው ብሔራዊ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ከ685ቱ መድኃኒቶች 268ቱ በፋብሪካ የሚመረቱ ባህላዊ መድኃኒቶች ናቸው። የጤና መድኑ የሚከፍልለትን መድኃኒት ደግሞ ሐኪም ለማዘዝ አይሳሳም። እነዚህን እንክብሎችና ሽሮፖች በብዛት የሚያዙት ባህላዊ ሐኪሞች እንዳይመስሏችሁ፤ በተራ ሆስፒታል የሚሠሩ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ ሐኪሞች ናቸው። በዚያው በ2018 መንግሥት ከጥንት መጻሕፍት የተወሰዱ አንድ መቶ ቅመማዎችን ዘርዝሮ፣ እነዚህን የሚያመርት ፋብሪካ በሰው ላይ የሚደረገውን ክሊኒካዊ ሙከራ ሳያልፍ ፈቃድ ሊያገኝ እንደሚችል ደነገገ።

ይህ ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ነው። አንድ ምርት ብዙ የሚሸጠው ስለሚፈውስ ሊሆን ይችላል፤ መንግሥት ስለሚያስተምረው፣ ስለሚፈቅደውና ስለሚከፍልለትም ሊሆን ይችላል። ሽያጩን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን መለየት አይችልም። ጃፓንም ይህንኑ ታሳያለች። ካምፖ የሚባለው ከቻይና የወረሰችው የዕፅዋት ሕክምና እንደ ኢንዱስትሪ የጠነከረው በ1976 በብሔራዊ የጤና መድን በሰፊው ከተካተተ በኋላ ነው። ዛሬም 148 ቅመማዎች በመድኑ ይሸፈናሉ፤ ጥሬ ዕቃው ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከቻይና ነው።

ወደ ምዕራቡ ዓለም በሩን የከፈተው እንክብል ሳይሆን መርፌ ነው፤ መድኃኒት የሚወጋበት ሳይሆን፣ ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ እየተሰካ የሚታከሙበት አኩፓንክቸር። በሐምሌ 1971 የኒው ዮርክ ታይምሱ ጋዜጠኛ ጄምስ ሬስተን ቤጂንግ ውስጥ ትርፍ አንጀቱን ተቀደደ። ቀዶ ጥገናው የተደረገለት በተለመደው የማደንዘዣ መድኃኒት ነበር፤ በማግስቱ ሆዱን ሲነፋው ነው በመርፌ ያከሙት። ይህንኑ በግልጽ ጽፏል። ወሬው አሜሪካ ሲደርስ ግን «ያለ ማደንዘዣ፣ በመርፌ ብቻ ቀደዱት» ሆኖ ተዛመተ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በየካቲት 1972 ቤጂንግ ሲገቡ የአሜሪካ ሕዝብ ጉጉት ገንፍሎ ነበር። ኔቫዳ በ1973 ለአኩፓንክቸር ባለሙያዎች የሥራ ፈቃድ በመስጠት ቀዳሚ ሆነች። አውስትራሊያ በ2012 የቻይና ሕክምና ባለሙያዎችን በብሔራዊ ደረጃ መመዝገብ ጀመረች። በ2020 የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ለሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ብቻ የመርፌ ሕክምናን መሸፈን ጀመረ። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉልኝ።

እንክብሎቹ ግን የጠበቃቸው ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2004 ባወጣው መመሪያ አንድ የዕፅዋት መድኃኒት በባህላዊነቱ ለመመዝገብ ለ30 ዓመታት፣ ከእነዚህም 15ቱን በኅብረቱ አገሮች ውስጥ፣ ጥቅም ላይ መዋሉን ማስረዳት አለበት። ቀድሞ ገበያ ላይ ለነበሩ ምርቶች የተሰጠው የእፎይታ ጊዜ በሚያዝያ 2011 ሲያበቃ በዚህ መንገድ የተመዘገበ አንድም የቻይና ምርት አልነበረም። የመጀመሪያው፣ ቼንግዱ ውስጥ የሚመረት የልብ እንክብል፣ በ2012 ኔዘርላንድስ ውስጥ ተመዘገበ። አሜሪካ ደግሞ በ1994 ባወጣችው ሕግ አምራቹ «በሽታ ያድናል» እስካላለ ድረስ የዕፅዋት ምርቶች ያለ ቅድመ ፈቃድ በተጨማሪ ምግብነት እንዲሸጡ ፈቀደች። ስለዚህ ቤጂንግ ውስጥ መድኃኒት የሆነው ምርት ኒው ዮርክ ሲደርስ ምግብ ይባላል። ዱባይ ላይ ገዝቶ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ሰው ደግሞ እንደገና መድኃኒት ያደርገዋል። ፍተሻው የሚያመልጠው በዚህ የስም ለውጥ መካከል ነው።

«የዓለም ጤና ድርጅት ተቀብሎታል» የሚለው ምንጩ ይህ ነው። በግንቦት 2019 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ 11ኛው እትም ከምሥራቅ እስያ የመጡ የባህላዊ ሕክምና መጠሪያዎችን የያዘ ተጨማሪ ምዕራፍ አለው። ድርጅቱ ራሱ እንዳስረዳው ዓላማው መረጃ ለመቁጠር እንጂ ስለ ሕክምናው ፈዋሽነት ለመመስከር አይደለም። ምዕራፉ ውስጥ የአንድም እንክብል ስም የለም።

«ታዲያ ሁሉም ባዶ ነው እያልክ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ለዚህም ምስክሩ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ቤት ገብቷል። በግንቦት 23 ቀን 1967 የቻይና መንግሥት በቬትናም ጦርነት በወባ ለሚረግፉ ወታደሮች መድኃኒት የሚፈልግ «ፕሮጀክት 523» የተባለ ምስጢራዊ ሥራ አስጀመረ። ቱ ዮዩ የተባሉት ተመራማሪ የጥንት መጻሕፍትን ሲያገላብጡ በአራተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ጌ ሆንግ ስለ ቺንግሃው የጻፈውን አገኙ። ቺንግሃው የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ የሆነ ተክል ነው። ጽሑፉ ቅጠሉን በውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ጭማቂውን መጠጣት ይላል እንጂ አፍሉት አይልም። ቱ እዚያች ላይ ቆሙ። እስከዚያ ድረስ በሙቀት ሲያወጡት ውጤቱ ይዋዥቅባቸው ነበር፤ ሙቀቱ ይሆናል የሚያበላሸው ብለው በዝቅተኛ ሙቀት፣ ኤተር በተባለ ፈሳሽ አወጡት። በጥቅምት 1971 ናሙና ቁጥር 191 በአይጦች ላይ የነበረውን የወባ ተሕዋስ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። ከዚያ ንጥረ ነገሩ ተለየ፣ ቅርጹ ታወቀ፣ መጠኑ ተለካ፣ በሰው ላይ ተሞከረ። ቱ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ኢትዮጵያ በ2004 ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ተመራጭ መድኃኒት ያደረገችው፣ በየጤና ጣቢያው ኮአርተም በሚል ስም የሚታወቀው ጥምር መድኃኒት፣ አንዱ ክፍል የተገኘው ከዚህ ተክል ነው።

ነገር ግን ኮአርተም የሚታዘዘው የቻይና ስለሆነ ወይም ጥንታዊ ስለሆነ አይደለም። ጌ ሆንግ ፍንጭ ሰጠ፤ የቀረውን የሠራው ቤተ ሙከራው ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የሰፈሩ ሌሎች ብዙ መላዎች በዚህ ወንፊት አላለፉም። አንድ መላ ስለሠራ የቀሩትን ሁሉ በእሱ ስም መሸጥ የዚህ ንግድ የቆየ ልማድ ነው።

ወንፊቱ ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ ብራስልስ ላይ ታይቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ለደንበኞቹ ከሚሰጠው ቅመም ውስጥ የቻይና ዕፅዋት ጨመረ። ሐኪሞች በ1993 ለሕክምናው ዓለም ሲያስታውቁ ኩላሊታቸው የከሸፈ ወጣት ሴቶች እየበዙ ነበር፤ በኋላ ቁጥራቸው ከመቶ በለጠ። ብዙዎቹ ለኩላሊት እጥበትና ለንቅለ ተከላ ተዳረጉ፤ ዓመታት ቆይቶም የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያገኛቸው አሉ። ጥፋቱ የተገኘው ከስም ነው። የታዘዘው «ሃን ፋንግ ጂ» የሚባል ሥር ነበር፤ የቀረበው ግን «ጓንግ ፋንግ ጂ» ሆነ። ተቆርጦና ደርቆ ሲታይ የሚመሳሰሉ፣ በንግዱም አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ የኖሩ ሁለት የማይዛመዱ ተክሎች ናቸው። ሁለተኛው ኩላሊትን የሚያጠፋና ካንሰር የሚያመጣ አሪስቶሎኪክ አሲድ አለበት። እኔ በሙያዬ የዕፅዋት ዱቄት በአጉሊ መነጽር የማይ ሰው ነኝ፤ አንድ ጊዜ የተፈጨ ሥርን ከሌላ የተፈጨ ሥር በዓይን መለየት እንደማይቻል ልነግርዎ እችላለሁ። ሻጩም አይለየውም። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል እነዚያን ሴቶች አላዳናቸውም።

ጠያቂዋ ባያነሡትም ስለዚህ ኢንዱስትሪ ዕድገት አውርቶ ስለ አህያ ዝም ማለት ያስቸግራል። ኤጂያው የሚባለው ምርት መነሻው በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ያለችው የዶንግ ኤ ወረዳ ናት። የአህያ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ ፀጉሩ ይገፈፋል፣ ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል፣ አረፋው ይወገዳል። ከዚያም ወፍሮ ሲረጋ እየተቆረጠ ይደርቅና ጠቆር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ጡብ ይሆናል። ሴቶች ደም እንዲተኩ ተብሎ ከሩዝ ወይን ጋር ሟሙቶ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝና ተምር ተጨምሮበት ይበላል። ዋና ይዘቱ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። በ2018 የቻይና የጤና ኮሚሽን የስልክ መረጃ አገልግሎት ነገሩ የተቀቀለ የአህያ ቆዳ ከመሆን እንደማያልፍ በማኅበራዊ ገጹ ጻፈና ቁጣ ሲወርድበት አንሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። የአገሪቱ ትልቁ አምራች ለዓመታት ዋጋውን ደጋግሞ ሲጨምር አከፋፋዮች «ነገ ይወደዳል» እያሉ መጋዘናቸውን ሞሉ፤ ገዢው ሲቀዘቅዝ ኩባንያው በ2019 በአክሲዮን ገበያ ከተመዘገበ ወዲህ የመጀመሪያውን ዓመታዊ ኪሳራ አስመዘገበ። በዚህ መሃል በ1990ዎቹ መጀመሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የቻይና አህያ ወደ 2 ሚሊዮን አካባቢ ወረደ፤ ፈላጊውም ወደ አፍሪካ ፊቱን አዞረ። በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ወደሆነችው ኢትዮጵያም መጣ። ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ቁጣ ስላስነሣ በ2017 ተዘጋ። በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አህያን ለቆዳዋ ሲባል ማረድን ለ15 ዓመታት አገደ። ውኃና ጤፍ የምትጭንላት አህያ የጠፋችባት የገጠር ሴት ሸክሙን በጀርባዋ ነው የምትተካው፤ ይህ ዋጋ በጡቡ ካርቶን ላይ አይጻፍም።

ወደ እናትዎ እንመለስ። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሸጡ የቻይና ቅመማዎች ብዙ ጊዜ «ደም ያንቀሳቅሳሉ» የሚባሉ ሥሮችን ይይዛሉ። ከእነዚህ ዋነኞቹ ዳንሼንና ዳንግ ጉዪ ናቸው፤ ካርቶኑ ላይ በሳይንሳዊ ስማቸው ሳልቪያ ሚልቲዮሪዛና አንጀሊካ ሲነንሲስ ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ። ሁለቱም የዋርፋሪንን ኃይል ከፍ አድርገው ደም መፍሰስ እንደሚያስከትሉ በሕሙማን ላይ ታይቶ ተመዝግቧል። ሁለተኛው ሥጋት የከፋ ነው፤ በካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው ነው። የተለያዩ አገሮች ተቆጣጣሪዎች ለሕመም ማስታገሻነት በሚሸጡ «ዕፅዋት ብቻ» በተባሉ ምርቶች ውስጥ ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድና ዲክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ የመሳሰሉ ዘመናዊ መድኃኒቶች ተደብቀው በተደጋጋሚ አግኝተዋል። ለዓመታት ያሠቃየ ጉልበት በአንድ በሁለት ቀን «ተአምር» ካሳየ እኔ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ዲክሎፌናክ ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ጨጓራን ያደማል፤ ዴክሳሜታዞን ደግሞ ፊትን ያሳብጣል፣ የደም ስኳርና ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ካርቶኑ ላይ የእያንዳንዱ ተክል ስምና መጠን፣ የምርት መለያ ቁጥር፣ የአምራቹ ሙሉ አድራሻ መኖሩን ይዩ፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝግቦት እንደሆነም ይጠይቁ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ከእህትዎ ጋር መሟገት አያስፈልግም፤ ፍቅሯን ተቀብለው ካርቶኑን ያስቀምጡት። ለጉልበቱም ቢሆን አማራጭ አለ፦ ሐኪማቸው ከዋርፋሪን ጋር የሚስማማ ማስታገሻ ይመርጥላቸዋል፤ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢያሳያቸው ደግሞ ከብዙ እንክብል ይበልጣል።

እናትዎ እስካሁን ካልጀመሩት ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል። ጥቂት ቀናት ወስደው ከሆነ ያቁሙና አይ ኤን አር የተባለውን የደም ምርመራ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ያሠሩ። ሳምንታት ከሆናቸው ግን በራሳችሁ በድንገት አታቋርጡት፤ የተደበቀ ስቴሮይድ ካለበት ሰውነት የራሱን ማምረት ስላቆመ ድንገተኛ ማቋረጥ ራሱ አደጋ አለው። በዚያው ቀን ካርቶኑን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ አወራረዱን እሱ ይወስናል። ጥቁር ሰገራ፣ የማይቆም ነስር፣ የድድ መድማት ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ካዩ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ዋርፋሪኑን ደግሞ ሐኪም ካላዘዘ በቀር በምንም ምክንያት እንዳያቋርጡ።